ደንበኛችን ናት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሺዓለም ፒያሳ ከታክሲ ወርዳ ወደ ወልደገብርኤል የፎቶግራፍ ዕቃዎች መደብር ስትሄድ ልቧ በሁለት ነገር ይመታ ነበር። አንደኛው ካሜራ ነው። ሁለተኛው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የሌንስ መስታወት የሚወለውለው ቃለአብ ነው።

የሺዓለም ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንጀራዋ ፎቶ ማንሳት ነው። እምሩ የሚባል የሰርግ ስቱዲዮ ባለቤት በጠራት ቁጥር ካሜራዋን አንግታ ትሄዳለች፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የመጣውን ሁሉ ታነሳለች። ስድስት ዓመት ያገለገለቻት ካሜራ ክሮፕ ከሚሏቸው ወገን ናት። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሯ ፉል ፍሬም ከሚባሉት ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። ባለፈው ወር ይቺው ካሜራ አንድ ሙሽራ ቀለበት ሲያጠልቅ መዝጊያዋ ተጣብቆ ቀጥ አለች። የሺዓለም እዚያ በሳቅ አለፈችው፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

በዚያ ላይ እምሩ ረቡዕ ዕለት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «የእሑዱ ሰርግ የትልቅ ሰው ሰርግ ነው። ክሮፕ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳላይ!» ብሎ አስጠነቀቀ።

የእሑዱ ሰርግ የማክዳ ነበር። ማክዳ የቃለአብ ታናሽ እህት ናት።

ቃለአብና የሺዓለም ከተዋደዱ አሥራ አንድ ወር ሆኗቸዋል። መጀመሪያ የካሜራዋን ሴንሰር ልታስጠርግ መደብሩ ገብታ ሻይ ጠጥታ ወጣች፤ በሳምንቱ የሚጠረግ ነገር ሳይኖራት ተመልሳ መጣች። ከፒያሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለው ቁልቁለት ስንት ጊዜ አብረው እንደወረዱት የሚያውቁት ጫማዎቻቸው ብቻ ናቸው። እናቱ ግን አያውቁም። ወይዘሮ ሙሉዓለም ባላቸው ካረፉ ወዲህ መደብሩንም፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለውን ትልቁን ቤትም በአንድ እጃቸው የያዙ ሴት ናቸው። የየሺዓለም አባት አቶ ተስፋሁን ደግሞ ሠላሳ ዓመት አትክልት ተራ ጆንያ ተሸክመው፣ ዶሮ ማነቂያ በአንዲት ክፍል አምስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሲነሳ ቤተሰቡ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባ። ቃለአብ «ከማክዳ ሰርግ በኋላ ለእማዬ እነግራታለሁ» ካለ አራት ወር አለፈ። የሺዓለምም በልቧ ሌላ ነገር አስባ ነበር፦ እናቱ መጀመሪያ ሥራዬ ላይ ይዩኝ፣ ትልቅ ካሜራ ይዤ ቀጥ ብዬ ቆሜ ይዩኝ፣ ያኔ ሲነገራቸው አይደነግጡም።

«መጣሽ?» አላት ቃለአብ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሲጠብቃት እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል።

«መጣሁ። ዛሬ ግን ለአንተ አይደለም።»

«ለማን ነው?»

«ለእሱ!» ብላ በመስታወቱ ውስጥ የተቀመጠውን ፉል ፍሬም በአገጯ ጠቆመችው።

ቃለአብ ስቆ መስታወቱን ከፈተ። ትልቁን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና አጠገቡ አንዲት አነስተኛ ጥቁር ካሜራ ደግሞ አስቀመጠ። የሺዓለም ትልቁን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በመመልከቻው ውስጥ የቃለአብ ፊት ሞልቶ ታየ፤ የቅንድቡ ጠባሳ፣ ሊስቅ ሲል ቀድሞ የሚነሳው የግራ ከንፈሩ። ሌላ ሰው ካሜራ ሲደገንበት ፊቱን ያስተካክላል። እሱ ዝም ብሎ አያት። ጉንጯ ሲግል ተሰማትና ካሜራውን ቶሎ አወረደችው።

«እንዴት ነው?»

«ይከብዳል። ግን ስይዘው ሰው የሆንኩ መሰለኝ።»

ቃለአብ ግንባሩን ቋጠር አደረገ። ትንሿን ካሜራ በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረጋት። «የሺ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ይቺን ያዢ። አዲሷ ክሮፕ ናት። ላንቺ ይቺ ትበቃሻለች። ደግሞ ለእሑድ ብለሽ አትቸኩዪ። እሑድ ካሜራ ባትይዢስ?»

ትበቃሻለች። የሺዓለም ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቀን ልማር ስትል አክስቷ «ለእሷ የማታው ይበቃታል» ብለው ነበር። ቃሉ የወጣው ግን ከቃለአብ አፍ ሆነና እንደ አዲስ ወጋት።

«ምን ማለትህ ነው? እሑድ እንድመጣ አትፈልግም?»

ቃለአብ አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ሙሉዓለም ከልብስ ሰፊ የተቀበሉትን ከረጢት አንጠልጥለው ገቡ። ከባንኮኒው ወዲህና ወዲያ የቆሙትን ሁለቱን፣ በመሀላቸው የቀረውን ስንዝር የማትሞላ ቦታ፣ የልጃቸውን መቅላት አንድ በአንድ አዩ።

«ይቺ ልጅ ማናት?»

የሺዓለም ቃለአብን አየችው። አሥራ አንድ ወር የጠበቀችው ደቂቃ ሳይጠሩት ራሱ በሩን ከፍቶ ገብቷል። በል እንግዲህ አለችው በዓይኗ።

«ደንበኛችን ናት» አለ ቃለአብ።

«ጎሽ፣ በደንብ አስተናግዳት» ብለው እናቱ ወደ ጓዳ አለፉ።

የሺዓለም ትልቁን ካሜራ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ደንበኛ ከሆንኩ፣ ሌላም ሱቅ አለ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የሺ! የሺዬ፣ ቆይ...»

አልቆየችም። ሌንሶቿና የታመመችው ካሜራዋ ያሉበት ቦርሳ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቀረ። የሺዓለም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ከሰው ጋር እየተጋጨች፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል ወረደች። ታክሲ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው እጆቿ ባዶ መሆናቸውን ያየችው። ከእጇ ባዶነት የደረቷ ባሰባት።

* * *

ዓርብ ጠዋት አራት ኪሎ ሄዳ ፉል ፍሬም ካሜራ ለሦስት ቀን ተከራየች። ሌንስ አልተከራየችም። የራሴ ሦስት ሌንሶች አሉ፣ አፋቸው አንድ ነው፣ ይገጥማሉ ብላ ነው።

ከሰዓት በኋላ አብሯት ለእምሩ የሚሠራው ፋሩቅ ቦርሳዋን ይዞ ገላን ድረስ መጣ።

«ቃለአብ ነው የላከኝ» አለ ደረጃውን ወጥቶ እያለከለከ። «ፊቱን ብታዪው ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ነው የሚመስለው። ምን አድርገሽው ነው? ደግሞ ውስጡ ደብዳቤ አለ፤ እኔ አላነበብኩትም። ማለቴ፣ ታሽጓል።»

የሺዓለም ሳቅ አልመጣላትም። አመስግና ሸኘችውና ደብዳቤውን ሳትነካ የምትወደውን ሌንስ አውጥታ የተከራየችው ካሜራ ላይ ገጠመችው። አባቷ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። አንድ አነሳቻቸው። ስክሪኑን ስታየው ደነገጠች። የአባቷ ፊት መሀል ላይ አለ፤ ዙሪያውን ግን ድፍን ጥቁር ክብ ውጦታል። ሌላ ሌንስ ቀየረች። ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

አቶ ተስፋሁን ተነስተው በትከሻዋ በኩል አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተትሽኝ?»

የሺዓለም ሳቀች። ሳቋ መሀል መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። አባቷ ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ከዚያ፣ «ካሜራው ነው ወይስ ሰው ነው?» አሏት።

ሁሉንም ነገረቻቸው። አሥራ አንዱን ወርም፣ የእሑዱን ሰርግም፣ «ትበቃሻለች»ንም፣ «ደንበኛችን ናት»ንም። አቶ ተስፋሁን ለመናገር የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም።

«እኔ ስለ ካሜራ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ጆንያ ግን አውቃለሁ። አትክልት ተራ ሳለሁ ሰው እንዲያየው ብሎ ትልቁን ጆንያ የሚያነሳ ጎረምሳ አይጠፋም ነበር። እኔ ዳገቱን የሚያስወጣኝን ነበር የማነሳው። ጎረምሳው ይስቅብኝ ነበር፤ ማታ ግን ወገቡን የሚያሸው እሱ ነው።» ወደ ቦርሳዋ ዞር አሉ። «ስለ ሁለተኛው ቃል ግን እኔም ከፍቶኛል። እሱን የሚመልሰው የተናገረው ሰው ነው። ደብዳቤውን ክፈቺው።»

ከፖስታው ውስጥ ከአንድ የሱቅ ደብተር የተቀደደ ሁለት ገጽ ወጣ። የቃለአብ የእጅ ጽሑፍ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነበር።

«የሺዬ፣

ስልኬን አላነሳ ስትዪ ጻፍኩ። ደረሰኝ እንጂ ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ቢያስቅሽም አትፍረጂብኝ።

በመጀመሪያ ስለ ካሜራው። ሦስቱም ሌንሶችሽ ለክሮፕ የተሠሩ ናቸው። ትልቁ ላይ ይገጥማሉ፤ ግን ሴንሰሩን አይሸፍኑትም፤ ጠርዙ ይጠቁርብሻል። ትልቁን ብትገዢ ሌንሶቹንም አብረሽ መጣል ሊኖርብሽ ነው። አዲሷ ክሮፕ ግን ያሉሽን ሁሉ ትቀበላለች። እጅ ቢንቀጠቀጥም ታረጋጋለች። በደብዛዛ ብርሃን ከድሮዋ እጅግ ትሻላለች። ደግሞ ያስቀመጥሽልኝን ፎቶዎች ሁሉ አይቻቸዋለሁ፣ ከሺህ በላይ ናቸው። የሚያስደነግጡኝ ሰው አጠገብ ተጠግተሽ፣ ሰውዬው ካሜራ መኖሩን ረስቶ ሳለ ያነሳሻቸው ናቸው። በትልቅ ዕቃ እንደዚያ መጠጋት ይቸግራል። ትበቃሻለች ማለቴ ይሄን ሁሉ ለማለት ነበር፤ መጥፎ ቃል መረጥኩ።

ሁለተኛ፣ እሑድ ካሜራ ባትይዢስ ያልኩሽ በስምሽ የተጻፈ የጥሪ ካርድ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ነው። ለሥራ ሳይሆን ለእኔ ብለሽ እንድትመጪ ፈልጌ ነበር።

ሦስተኛው ግን ማብራሪያ የለውም። እማዬ ማናት ስትል ፈራሁ። አንቺ እያየሽኝ ፈራሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ዓይንሽ ከፊቴ አልሄደም። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ሱቅ ነኝ፤ እማዬም ትኖራለች። መጣሽም ቀረሽም እነግራታለሁ። ይቅር በዪኝ ለማለት መጀመሪያ ያን ማድረግ አለብኝ።

ቃለአብ»

የጥሪ ካርዱ ከሁለተኛው ገጽ ጀርባ ነበር። ወይዘሪት የሺዓለም ተስፋሁን ይላል በወርቅማ ቀለም። የአባቷ ስም እንደዚያ አምሮ ተጽፎ አይታ አታውቅም። ካርዱን ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ስማቸውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው መለሱላት። የሺዓለም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሳንባዋ ተነፈሰች።

* * *

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መደብሩ ስትደርስ ወይዘሮ ሙሉዓለም መነጽራቸውን አድርገው የእንግዶች ዝርዝር ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቃለአብ አያት። ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። የሺዓለም ከባንኮኒው ወዲህ፣ እናቱ ባሉበት፣ አጠገቧ ሲቆም ስታየው ያ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«እማዬ» አለ። «ሐሙስ ዋሽቼሻለሁ። ደንበኛችን ናት ያልኩሽ... ደንበኛችንም ናት። ግን የምወዳት ሴት ናት። እሺ ካለችኝ የማገባት እሷን ነው።»

ወይዘሮ ሙሉዓለም መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«አሥራ አንድ ወር።»

«አሥራ አንድ ወር!» ፊታቸውን ወደ የሺዓለም አዞሩ። «የማን ልጅ ነሽ?»

የሺዓለም ይህን ጥያቄ በሕልሟ ሁሉ ስትፈራው ኖራለች። ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አልከበደም።

«የተስፋሁን ልጅ ነኝ። አባቴ አትክልት ተራ ተሸካሚ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ነው ያደግኩት። አሁን ገላን ነን።»

«አባትሽ ምን እንደሚሠራ መቼ ጠየቅኩሽ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉዓለም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔን ምን አድርገህ ብታየኝ ነው? አባትህ ይቺን ሱቅ ሲከፍት መጋዘኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን ነበር የምንተኛው። ካርቶን ትራስ አድርጌ ነው አንተን ያረገዝኩት። እና አሥራ አንድ ወር የምትፈራው እኔን ነው?»

ቃለአብ አንገቱን ደፋ።

«ነገ ልጅ እድራለሁ። ዛሬ ለማናችሁም የምሰጠው መልስ የለኝም» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቢወረውሩት ይሻል ነበር።

ቃለአብ እናቱ የተነሱበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ደህና ነህ?» አለችው።

«እግሬ ይንቀጠቀጣል።»

«ያቺ መንቀጥቀጥ የምታረጋጋዋ ካሜራ ለእግር አትሆንም?»

ቀና ብሎ አያት። ሁለቱም እኩል ሳቁ፤ የቅዳሜ መንገደኛ በመስታወት በኩል ቆሞ እስኪያያቸው ድረስ። ከዚያ የሺዓለም እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ቆጣ አለች።

«ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። ነገ ካሜራ ሳልይዝ አልመጣም። ሥራዬ ነው፤ እወደዋለሁ። ቀሚስ ለብሼ ጥግ ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲያነሳ ሳይ ብውል እታመማለሁ። ሠራተኛም እንግዳም ሆኜ ነው የምመጣው። ካሜራዬንም አንተ አትመርጥልኝም። ሁለቱንም ስጠኝ፤ ለትልቁ ደግሞ የሚሆነውን ሌንስ አብረህ ስጠኝ። ውጪ ወጥቼ እመርጣለሁ።»

ወጡ። የሺዓለም በመጀመሪያ ትልቁን አንስታ ከጎረቤቱ ወርቅ ቤት ደጃፍ ጋዜጣ ወደሚያነቡ ሽማግሌ ተጠጋች። ፈቃድ ጠይቃ ደገነችባቸው። ሽማግሌው ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ ኮሌታቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቀጥ አሉ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ሽማግሌው ግን መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ሰው መስለዋል። ትንሿን አነሳች። የምትወደውን ሌንስ ገጠመችላትና አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስለ ጋዜጣው ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ስለ እግር ኳስ እየተናደዱ ማውራት ጀመሩ። ቀጭ። ስክሪኑ ላይ ንዴታቸውና ሳቃቸው አንድ ላይ ነበሩ።

ከዚያ አጠገቡ ወዳለ አሮጌ ሕንፃ ጨለማ መተላለፊያ ገብታ ሁለቱንም ሞከረች።

«እዚህ ትልቁ ይበልጣል» አለች።

«ይበልጣል» አለ ቃለአብ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁሉንም ልነግርሽ ስል እማዬ ገባች።»

ሁለቱን የሽማግሌውን ፎቶዎች ስልኳ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትጽፍ በቴሌግራም ለእምሩ ላከችለት። ብዙም ሳይቆይ የእምሩ ድምፅ መጣ፦ «ሁለተኛዋ ገደለችኝ! አየሽ፣ ፉል ፍሬም ያስታውቃል። ነገ እንዲህ ነው የምትሠሪልኝ።»

ሁለተኛዋ የትንሿ ነበረች። ቃለአብ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈ። የሺዓለም ግን ወዲያው ደወለችለት። «እምሩ፣ ሁለተኛዋ ክሮፕ ናት። ነገ እሷን ይዤ ነው የምመጣው። ካልፈለግከኝ አሁኑኑ ንገረኝ።» እምሩ «አንቺ ልጅ አራዳ ነሽ» ብሎ፣ «ሰዓት እንዳታረፍጂ» ሲል ጨመረ።

ወደ ሱቁ ተመለሱ። የሺዓለም ትንሿን ካሜራ ከባንኮኒው ላይ አንስታ ማንጠልጠያዋን አንገቷ ላይ አደረገች።

«ይቺን ነው የምወስደው። ስለመረጥኳት።»

«በስጦታ...» ብሎ ሲጀምር እጇን አነሳች።

«እንደ ማንኛውም ደንበኛ እከፍላለሁ። ዛሬ እንደዚያ ብትጠራኝ አይከፋኝም።»

ቃለአብ ደረሰኙን ሲጽፍ ብዕሩ ስሟ ላይ ቆየ። የሺዓለም ያንን የተደፋ አንገት፣ ያንን የሚፈራና ፈርቶም የሚናገር ሰው አየችው። አንድ ሰው ፊቷ ተሳስቶ፣ ፊቷ ሲያስተካክል አይታ አታውቅም ነበር። ከዚህ በፊት እንደምትወደው ታስብ ነበር፤ ያን ቅዳሜ ግን አወቀችው።

* * *

እሑድ ጠዋት ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ቤት ሰው በሰው ላይ ነበር። ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ስድስት ሴቶች፣ ሁለት መስታወትና የፀጉር ሠሪዋ ዕቃ ሞልቶታል። ፋሩቅ ትልቁን ካሜራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ መግባት አቅቶት ሲንቆራጠጥ፣ የሺዓለም በሴቶቹ መካከል ሾልካ ማክዳ እግር ሥር ደረሰች። ማክዳ የጆሮ ጌጥ እያደረገች ጎንበስ ብላ፣ «አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ። «ትናንት ማታ ነገረኝ። ቆንጆ አድርገሽ አንሺኝ፤ ዘመድ ነሽ እኮ።»

ቃለአብ በኮሪደሩ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከረባቱ ተጣሞ ነበር። የሺዓለም በአገጯ አሳየችው፤ አስተካክሎ አለፈ። ወይዘሮ ሙሉዓለም ግን ጠዋቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አላዩዋትም። በአጠገቧ ሲያልፉ እንኳ የካሜራውን ማንጠልጠያ አይተው ፊቷን ዘለሉት። የሺዓለም መሥራቱን ቀጠለች።

ሙሽራው ሊደርስ ነው ሲባል፣ ከመጨረሻው ክፍል ድምፅ ተሰማ።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ።»

ገባች። ወይዘሮ ሙሉዓለም የአልጋቸው ጠርዝ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። «በሩን ዝጊው» አሏት።

ዘጋችው።

«ዕድሜ ልኬን ካሜራ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን ግን እኔን የሚያነሳኝ የለም። ባለቤቴ ነበር የሚያነሳኝ፤ እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ዛሬ ሁሉም ሙሽራዋን ያነሳል፤ ተገቢ ነው። ሳላለቅስ በፊት አንድ አንሺኝ።»

የሺዓለም ቀረብ ብላ ተንበረከከች። የመስኮቱ ብርሃን በወይዘሮዋ ጉንጭ ላይ ስስ ሆኖ ተኝቷል። ወይዘሮ ሙሉዓለም አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ፊታቸውን አጠንክረው ጠበቁ። የሺዓለም ቁልፉን አልተጫነችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እርስዎን ነው የምጠብቀው።»

ወይዘሮ ሙሉዓለም በቁጣ ሊመልሱላት ብለው ተዉት። «ትፈሪኛለሽ?» አሏት።

«እፈራዎታለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሥራዬ ስለሆነ ነው የመጣሁት። ደግሞ ልጅዎን ስለምወደው።»

የወይዘሮ ሙሉዓለም ፊት ከዚያች ቃል በኋላ የተለወጠው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር። የሺዓለም በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ተጫነች። ካሜራዋን አዙራ ስክሪኑን አሳየቻቸው። ወይዘሮ ሙሉዓለም መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ረዥም ጊዜ አዩት። በዓይናቸው ዙሪያ ውሃ ሞላ።

«እሱ ሲያነሳኝ እንዲህ ነበር የምመስለው» አሉ። «ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ አንስቶኝ አያውቅም።»

ከውጪ የሚዜዎቹ ጭብጨባና እልልታ ወደ በሩ ሲቀርብ ይሰማል። ወይዘሮ ሙሉዓለም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ፤ ከኮመዲኖው ላይ ስልካቸውን አነሱ።

«የአባትሽን ቁጥር ንገሪኝ።»

«የአባቴን?»

«ገላን ሩቅ ነው አሉ። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ጉልበታቸው አይረባም፤ ቤታችሁ መምጣት ካለባቸው በማለዳ መነሳት አለባቸው። ለመቼ እንደሚመቸው አባትሽን መጠየቅ አለብኝ።» ጣታቸውን ቀሰሩ። «ገና አልወሰንኩም። እየጠየቅኩ ነው። ልጄንም ገና አልታረቅኩትም።»

«እሺ» አለች የሺዓለም።

ሁልጊዜ በቃሏ የምታውቀውን የአባቷን ስልክ ቁጥር መናገር ጀመረች። ዜሮ ዘጠኝ አለች፣ አንድ አለች፣ ሌላ አንድ አለች፤ የቀረው ድንገት ከአእምሮዋ በረረ። ካሜራዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ከንፈሯን ነከሰች። አንዲትም አኃዝ አልመጣላትም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ።

ወይዘሮ ሙሉዓለም ስልካቸውን እንደያዙ በትዕግሥት ጠበቋት። እልልታው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቤቱን ሲያናውጠው እንኳ አልተነሱም።

«ቀስ በዪ፣ ልጄ» አሏት። «እጠብቅሻለሁ።»